ነጭ ሽንኩርቱ ምን ያህል ነበር?

በትምህርት ክፍላችን መግቢያ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ መቶ ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ አኳሪየም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውስጡ ሰባት ወርቃማ ዓሦች ነበሩ። ተማሪዎች ከፈተና ሲወጡ የሚቆሙት እዚያ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም አስቀድመን የምናሳየው እነርሱን ነበር። ክረምቱን በቂ ተመልካች ሳያገኙ ከርመው በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ የአንዳንዶቹ ጎን በቀይ ቁስል ተበልቶ፣ የክንፎቻቸውም ጠርዝ ነጥቶና ተቀዳድዶ አገኘናቸው።

ያን ዕለት በመተላለፊያው ያለፈ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ጤና አዳም አለ፤ ሌላው ጥቁር አዝሙድ፤ ሦስተኛው ዘመዱ ቤት ያለ አኳሪየም በሬት እንደዳነ ማለ። በመጨረሻ ድምፅ የበዛለት ነጭ ሽንኩርት ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ከሻይ ቤቱ ተውሶ አመጣ፤ ወቀጥነው፣ በነጠላ ጨርቅ ጨመቅነው፣ ጭማቂውንም ወደ ውኃው አፈሰስነው። በሁለተኛው ቀን ውኃው ደፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ አየር ይስቡ ጀመር። በአራተኛው ቀን ከሰባቱ አምስቱ ሞተው ተገኙ። ከሞቱት መካከል ሁለቱ አንዳች ቁስል ያልነበረባቸው ናቸው።

ሬሳቸውን ስናወጣ አጠገባችን የቆመች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «ነጭ ሽንኩርቱ ምን ያህል ነበር?» በየዓመቱ ስለ ጥምዝምዝ ስሌትና ስለ ውሕድ መጠን የምናስተምር ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። አንዱ «ሦስት ራስ ይሆናል» አለ፤ ሌላው «የለም፣ አንድ ጭብጥ ነው» አለ። የመዘነ አልነበረም። የአኳሪየሙን ውኃ በትክክል የለካም አልነበረም። የአሞኒያውን መጠን የመረመረማ ከቶ አልነበረም።

ይህን ስሕተታችንን በአደባባይ የምንናገረው በነጭ ሽንኩርት ላይ ክስ ለመመሥረት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን የሚጎዳ ነገር እንዳለው ከተረጋገጠ ቆይቷል። የምንከሰው እኛው ነን፤ ከእኛም ጋር፣ አንድ ነገር ከዕፅ የተገኘ ከሆነ መመዘን አያስፈልገውም ብሎ የሚያምነውን ልማድ ነው። ይህ ልማድ የገበሬ ወይም የባህል ሐኪም ልማድ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ከተማርነው ዘንድ ይበዛል እንላለን፤ ለምን እንደምንል ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ዕፅዋትና ስለ ዓሣ ስናስብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወሰን የሚገባው ብርብራ ነበር። ወደ ጣና ከሚገቡ ወንዞች በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በጉማራ፣ ዓሣ አስጋሪዎች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው በውኃው ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በእጅ ይለቀማል። ፍሬው ሮቴኖንንና ዘመዶቹ የሆኑ ውሁዶችን ይዟል። እነዚህ በስንጥብ በኩል ወደ ደም ይገቡና ማይቶኮንድሪያ በተባለው የሕዋስ ክፍል የሚካሄደውን የኃይል ማመንጨት ሥራ ያግዱታል። ዓሣው በውኃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ፣ ሕዋሳቱ ሊጠቀሙበት ባለመቻላቸው ይታፈናል። በጉማራ በዚህ መንገድ የሚያዙት የባርበስ ወገኖች ደግሞ ከእኛው ወርቃማ ዓሣ ጋር በአንድ ቤተሰብ፣ ሳይፕሪኒዴ በተባለው፣ የሚመደቡ ናቸው። ስለዚህ «ዕፅ ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር በሌላ አገር ሰው አፍ ሲነገር ባለማወቅ ይታለፍ ይሆናል፤ ብርብራ በሚበቅልበት አገር ግን ሰበብ የለውም።

እንዶድም ሁለተኛው ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸው የታወቀ ታሪክ ነው። የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን፣ ማለትም ውኃውን አረፋ የሚያስደፍቀው ውሁድ፣ ለዓሣ ስንጥብም አደገኛ ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ከምልከታው በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቆመው ስላዩ ብቻ አይደለም። እንዶድ ሁሉ እኩል ኃይል እንደሌለው፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው እንደሚበልጥ ለማወቅ ብዙ ዓይነቶች ተሰብስበው ተተክለዋል፣ ተመዝነዋል፣ ተነጻጽረዋል፤ 44 በሚለው ቁጥር የሚታወቀው ዓይነት ተመርጦ የወጣው ከዚህ ልፋት ነው። የዕፁ ስም ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ታመመው ዓሣ እንመለስ። ሰው መድኃኒት ሲውጥ ንጥረ ነገሩ በአንጀትና በጉበት በኩል ያልፋል፤ ጉበትም ከመርዙ የሚችለውን ያህል ይሰባብራል። ዓሣን በመድኃኒት ውኃ ስናጠምቀው ግን የምንነካው ስንጥቡን ነው። ስንጥብ ኦክስጅን እንዲያሳልፍ ተብሎ እጅግ የሳሳ፣ ደምና ውኃ በስስ የሕዋስ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው የሚተላለፉበት አካል ነው። ለእኛ በምላሳችን ላይ መጠነኛ ማቃጠል የሚመስለን ነገር ለዓሣው ሳንባን የማቃጠል ያህል ሊሆን ይችላል።

በሽታውስ ምንድን ነው? በወርቃማ ዓሣ ላይ ቀይ ቁስልና የክንፍ መበስበስ ሲታይ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ከነርሱ የታወቀው ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላና ወገኖቹ ናቸው። ሌላው ፍላቮባክቴሪየም ኮሉምናሬ ነው፤ ይህ በአፍና በጀርባ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ስለሚያሳይ ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። ኤሮሞናስ ከሩቅ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ በጤነኛው አኳሪየም ውኃ ውስጥ፣ በዓሣውም አንጀት ዘወትር ይኖራል። ዓሣውን የሚያጠቃው ዓሣው ሲደክም ነው። የሚያደክመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ነው፦ የተከማቸ አሞኒያ፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ፣ የቦታ ጥበት፣ ያልተጸዳ ማጣሪያ። የእኛዎቹም ክረምቱን ሙሉ ውኃቸው ሳይለወጥላቸው የከረሙ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ብዙ የዕፅ ፈውስ ታሪኮች የሚፈርሱት እዚህ ላይ ነው። የታይላንድ የቤታ ዓሣ አርቢዎች በሳይንሳዊ ስሙ ተርሚናሊያ ካታፓ የሚባለውን ዛፍ ደረቅ ቅጠል በውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ውኃው እንደ ቀጭን ሻይ ይቀላል። ቅጠሉ ታኒን አለው፤ የውኃውን አሲድነት በመጠኑ ይጨምራል፤ በቤተ ሙከራም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ታዲያ ቁስለኛ ዓሣ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? አስቀድሞ ከውኃው ሲሶውን ይለውጣል፣ ማጣሪያውን ያጥባል፣ የበሰበሰውን ምግብ ያወጣል፤ በመጨረሻ ቅጠሉን ይጨምራል። ዓሣው በሳምንቱ ሲሻለው ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ምናልባት ለቅጠሉ ይገባው ይሆናል፤ ግን ቅጠል ያልተጨመረበት፣ ውኃው ብቻ የተለወጠለት ሁለተኛ አኳሪየም ከጎኑ ከሌለ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሳይንስ ፋኩልቲ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ይህን መርሳት ያሳፍራል፤ እኛ ረስተነዋል።

ሌላው ክፍተት ከፔትሪ ሳህን እስከ አኳሪየም ያለው ርቀት ነው። ይህን ርቀት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ተመራማሪ ቅጠል አድርቆ፣ በኢታኖል ዘፍዝፎ፣ ኢታኖሉን አትንኖ ጭምቅ አወጣ እንበል። ጭምቁ በአንድ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ሲሆን ኤሮሞናስን ከመራባት አገደ። ይህ በዕፅዋት ጥናቶች ውስጥ ያልተለመደ ቁጥር አይደለም፤ «አመርቂ ውጤት» ተብሎም ሊጻፍ ይችላል። አሁን ወደ አኳሪየሙ እንውሰደው። በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ማለት በሊትር 5 ግራም ነው፤ በመቶ ሊትር 500 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ። ይህ ደግሞ የጭምቅ እንጂ የቅጠል ክብደት አይደለም። ከደረቁ ቅጠል አሥር በመቶው ወደ ጭምቅ ተለወጠ ብንል አምስት ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልገናል። አምስት ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያን አኳሪየም ሞልቶ ይተርፋል። ግማሽ ኪሎ ጭምቅ የገባበት ውኃም የሾርባ ያህል ይወፍራል፤ ዓሣውን ከኤሮሞናስ በፊት ሾርባው ይገድለዋል።

ሾርባ ያልነው ለቀልድ ብቻ አይደለም። በውኃ ውስጥ የገባ ማንኛውም የዕፅ ቅሪት ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሱትም ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይሻማሉ። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ደግሞ ሌሎች፣ ጠቃሚ የሆኑ ባክቴሪያዎች ሠፍረዋል፤ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። «ፀረ ባክቴሪያ» ብለን ያፈሰስነው ነገር የትኛው ባክቴሪያ ወዳጅ፣ የትኛው ጠላት እንደሆነ አይጠይቅም። ወዳጆቹ ከተጎዱ አሞኒያ ይከማቻል፤ ውኃው ሞቃትና አልካላዊ ሲሆን ደግሞ ከአሞኒያው መርዛማ የሆነው ክፍል ይበዛል። ቁስል ያልነበረባቸው ሁለቱ ዓሦቻችን አሟሟት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ እንጠረጥራለን። አልለካንምና ከጥርጣሬ አልፈን መመስከር አንችልም።

ስለ ነጭ ሽንኩርት በተለይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከልማዳዊው አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነውና። ባክቴሪያን የሚጎዳው ዋና ውሁድ አሊሲን ይባላል፤ ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው አሳወቁት። አሊሲን ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። አሊን የተባለ ውሁድ በአንድ በኩል፣ አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም በሌላ በኩል ተለያይተው ይኖራሉ፤ ስንወቅጠው ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል። ስለዚህ ሳይፈጭ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚበላሽ አሊሲን እምብዛም አይሰጥም። አሊሲን ከተፈጠረም በኋላ ጽኑ አይደለም፤ እየቆየ ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ይለወጣል። ዛሬ የተወቀጠና ከሦስት ቀን በፊት የተወቀጠ ጭማቂ በስም አንድ፣ በኬሚስትሪ ሁለት ናቸው። አሊሲን ባክቴሪያን የሚጎዳው ፕሮቲኖች ላይ ካሉ የድኝ ቡድኖች ጋር በመያያዝ ነው፤ እነዚህ ቡድኖች ግን በዓሣው ስንጥብ ፕሮቲኖች ላይም አሉ።

እስካሁን የተባለው ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ተስፋ አልቆረጥንም፤ በትክክል የተሠሩ ጥናቶች አሉና። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ ሥራ፣ ተመራማሪዎች ነጭ ሽንኩርትን በውኃው ሳይሆን በምግቡ ውስጥ አደረጉት። ለሬንቦ ትራውት ዓሦች በእያንዳንዱ 100 ግራም መኖ ግማሽ ወይም አንድ ግራም ነጭ ሽንኩርት ቀላቅለው ለ14 ቀናት መገቡ፤ ከዚያ በኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ አስያዟቸው። ነጭ ሽንኩርት ካልተመገቡት አብዛኞቹ ሲያልቁ ከተመገቡት የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ ግን ምን እንደሚል በጥንቃቄ እናንብበው። ዕፁ የተሰጠው ከበሽታው በፊት ነው። የተጠናከረው የዓሣው የመከላከል አቅም ነው። በጠና የታመመ ዓሣ መብላት ያቆማል፤ ያልበላ ዓሣ ደግሞ በምግብ የመጣለትን መድኃኒት አያገኝም። ስለዚህ ይህ ጥናት ቁስለኛ ዓሣ ላለው ሰው «ጭማቂ አፍስስ» አይለውም፤ ዓሣው ጤነኛ ሳለ ምግቡን ያዘጋጅ ዘንድ ይመክረዋል።

ወደ እኛው ጉዳይ የሚቀርበው ግን ከሕንድ የመጣ ሥራ ነው። የኒምን፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነውን የቱልሲንና የእርድን ጭምቅ ቀላቅለው በወርቃማ ዓሣ ላይ የኤሮሞናስን በሽታ የፈተኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤታቸውን አሳትመዋል። በሳህን ላይ ሞክረው አላበቁም፤ በታመመው ዓሣ ላይም ሞከሩ፣ ደሙንም መረመሩ። ከሦስቱ ዕፆች ሁለቱ በእኛ አገር ሰው እጅ ያሉ ናቸው፤ እርድ ከየወጥ ቤቱ፣ ኒም ከቆላ ከተሞች መንገድ ዳር። ኒም ራሱ ከመጠን ሲያልፍ ዓሣን የሚጎዳ መሆኑ ደግሞ የመለካትን ጉዳይ እንደገና ያነሣዋል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ «እንግዲያው መድኃኒት ቤት ሄዶ አንቲባዮቲክ መግዛት ይሻላል ማለታችሁ ነው» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። አይደለም። አንዳንድ ዓሣ አርቢ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝቶ፣ ፈልቅቆ፣ ዱቄቱን በአኳሪየሙ ላይ ይበትናል። ይህ ከነጭ ሽንኩርታችን የሚሻል አሠራር አይደለም። ካልስየምና ማግኒዥየም በበዛበት ውኃ ቴትራሳይክሊን ከነርሱ ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ የቀረው ትንሽ መጠን ባክቴሪያውን ሳይገድል ያለማምደዋል። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፣ በብሪታንያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርመራ እናስታውስ። ከጌጥ ዓሦች የተገኙ 127 የኤሮሞናስ ናሙናዎች በ34 ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ተፈትነው፣ ብዙዎቹ ናሙናዎች በርካታ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኝተዋል፤ መድኃኒት የመቋቋም ጂኖች ዓሦቹ ተጭነው በመጡበት ውኃ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎችም ታይተዋል። የጌጥ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ከአህጉር ወደ አህጉር ይጓዛል። ከረጢቱ ሲከፈት ውኃው የሚደፋው በየቤቱ የውኃ መውረጃ ነው። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ጂኖቹን ለሰው በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊያወርስ ይችላል።

እንግዲህ ዕፅዋት በቁም ነገር ሊጠኑ የሚገባቸው ስለዚህ ነው። አንቲባዮቲክን ለሰውና ለከብት ቆጥበን ዓሣውን በሌላ መንገድ ማዳን ብንችል ጥቅሙ ከአኳሪየሙ ያልፋል። የሚያሳዝነው፣ ሥራውን ጀምረን በር ላይ መተዋችን ነው። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ክፍሎች ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችን መደርደሪያ የጎበኘ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። ዕፅ ይመረጣል፤ ጭምቅ ይወጣል፤ በፔትሪ ሳህን ላይ በጭምቁ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክበብ ይታያል፤ ክበቡ በማስመሪያ ይለካል፤ 14 ሚሊሜትር፣ 18 ሚሊሜትር ተብሎ ይመዘገባል፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንን ተጨማሪ ጥናት አያደርገውም፤ ሌላ ዕፅ መርጦ ሌላ ክበብ ይለካል። ተማሪዎቹን አንወቅስም። ጊዜውም ገንዘቡም እስከዚያው ድረስ ነው የሚያደርሳቸው፤ እንዲህ አድርገን የቀረጽነውም እኛ አማካሪዎች ነን።

ቀደም ብለን ልማዱ ከተማርነው ዘንድ ይበዛል ያልነው ይህን በማሰብ ነው። የጉማራ ዓሣ አስጋሪ የብርብራውን ፍሬ በዘፈቀደ አይበትንም። ውኃው የቆመ ነው ወይስ የሚፈስ፣ ጥልቅ ነው ወይስ ጥልቀት የሌለው የሚለውን አይቶ ይወስናል፤ ካነሰ ዓሣው አይሰክርለትም፣ ከበዛ ደግሞ ድካሙ በከንቱ ይባክናል። ኮሶ የምታጠጣ እናትም ለልጅና ለአዋቂ አንድ ዓይነት መጠን አትሰጥም። በእጅና በዓይን ይሁን እንጂ ልክ አላቸው። እኛ ዕፁን ከነርሱ ስንቀበል ስሙን እንጽፋለን፤ ልኩን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ቅጠሉ ትኩስ ነበር ወይስ ደረቅ፣ በየትኛው ወር ተቆረጠ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ነው ወይስ በፈላ የሚሉት ሁሉ እኛ ዘንድ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ከዚያም የሕዝቡን ዕውቀት ፈተንነው እንላለን።

«የጌጥ ዓሣ የቅንጦት ነገር ነው፤ በእንዲህ ያለ አገር ስለ እርሱ መጨነቅ ምን ይባላል?» የሚል ወዳጅ አጋጥሞናል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና አንንቀውም። መልሳችን ይህ ነው፦ በአኳሪየም ያለው ኤሮሞናስ በቆሮሶ ማርቢያ ኩሬ ካለው ኤሮሞናስ የተለየ ወገን አይደለም። ኩሬ የሚቆፍር ወጣት ዓሣው ሲታመምበት የሚሄድበት የዓሣ ሐኪም በቅርቡ አያገኝም፤ የሚያገኘው ያንኑ የካፕሱልና የቅጠል ምክር ነው። ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ርካሽ፣ በትንሽ ቦታ የሚኖር፣ በመስተዋት በኩል ቀን በቀን የሚታይ እንስሳ ነው። በአኳሪየም የተማርነውን ወደ ኩሬ መውሰድ ይቻላል፤ በኩሬ የተሳሳትነውን ግን ገበሬው ይከፍላል።

የምንጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ሦስት እኩል አኳሪየሞች፣ የግራም ሚዛን፣ የአሞኒያ መመርመሪያ፣ ቴርሞሜትር። በአንደኛው ውኃው ብቻ ይለወጥ፤ በሁለተኛው ውኃው ይለወጥና ዕፁ ይጨመር፤ በሦስተኛው ውኃው ተለውጦ ዕፁ በምግብ ይሰጥ። የዕፁ ዓይነት፣ የተቆረጠበት ወርና ሥፍራ፣ የጭምቁ አወጣጥ፣ በሊትር የገባው ግራም ይጻፍ። ከታመሙት በፊት በጤነኛ ዓሦች ላይ ዕፁ ራሱ እንደማይጎዳ ይፈተሽ፤ እኛ ያልሠራነው ይህን ነበር። ዓሣም ሕመም የሚሰማው ፍጡር ነውና ሙከራው መቼ እንደሚቆም አስቀድሞ ይወሰን።

እስከዚያው ድረስ ቁስለኛ ዓሣ በቤቱ ያለው አንባቢ ምን ያድርግ? የታመመውን ይለየው። ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን አየር እየነፋበት ባደረ ውኃ በየቀኑ ከአራት አንዱን እጅ ይለውጥለት፤ የአዲሱ ውኃ ሙቀት ከአሮጌው እኩል ይሁን። የምግቡን መጠን ይቀንስ። ለወርቃማ ዓሣ በሊትር ከአንድ እስከ ሦስት ግራም ተራ ጨው በቁስሉ በኩል የሚደርስበትን የጨውና የውኃ መዛባት ያቀልለታል፤ ይህ ግን ለሁሉም የዓሣ ዓይነት አይሆንም። በእጁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ፤ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ ተላልፎ ለወራት የማይድን ዕብጠት ያመጣል፤ ይህን የያዘ ሰው ቅጠል ሳይፈልግ ወደ ሐኪም ይሂድ፣ ዓሣ እንደሚያረባም ይንገር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዕፅ መሞከር የሚፈልግ ይሞክር፤ ነገር ግን ይመዝን፣ ይጻፍም።

ከሰባቱ ዓሦቻችን የተረፉት ሁለቱ ዛሬም አሉ። አንደኛዋ በጎኗ የቁስሉ ጠባሳ ይታያል፤ ቅርፊቱ ተመልሶ አልበቀለም። በአኳሪየሙ ጎን በገመድ የታሰረ ደብተር አለ። ያን ጥያቄ የጠየቀችን ተማሪ ከመመረቋ በፊት መስመሩን ያሰመረችው እርሷ ናት፦ ቀን፣ ሙቀት፣ አሞኒያ፣ የተለወጠ ውኃ በሊትር፣ የተጨመረ ነገር በግራም። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓምዶች በየሳምንቱ ይሞላሉ። አምስተኛው እስካሁን ባዶ ነው።